አመድ የመሰሉ ፊቶች

በአንድ የአዲስ አበባ ፎቶ ቤት የሠርግ አልበም ታትሞ ሲመጣ የሙሽሪትም የሚዜዎቹም ፊት አመድ መስሏል። ኤዲተሩ ፎቶዎቹን ያረመው ማታ ነው። የላፕቶፑ ናይት ላይት በርቶ ስክሪኑን ብርቱካናማ ስላደረገው፣ ፊቶቹ የቀሉ መስሎት ሰማያዊ ጨመረ። ዓይን የስክሪንን ቀለም ቶሎ ይለምዳል፤ ስለዚህ ስህተቱ አልታየውም።

ቁጥሩ ግን ያኔም ይናገር ነበር። ፎቶሾፕ ላይ ኤፍ 8 ሲጫኑ የቀለም ቁጥሮችን የሚያሳየው ኢንፎ ፓነል ይከፈታል። ቀለም የሚያነበው መሣሪያ፣ አይድሮፐሩ፣ የሙሽሪት አንገት ላይ ሲያርፍ ቀይ 128፣ አረንጓዴ 100፣ ሰማያዊ 98 ይላል። በተለመደ ብርሃን በቀይ ዳማም ሆነ በጠይም ቆዳ ላይ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሰማያዊው ይበልጣል። እዚህ አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ለመሆን 2 ብቻ ቀርቷቸዋል፤ አመዱ የመጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የባሰ ሆነ። ከኢንተርኔት የተገኘ «የቆዳ ቁጥር» ሁሉም ፊት ላይ ተጫነ። ቁጥሩ ለነጮች ቆዳ የተለካ ስለነበር ጠይሟ የሙሽሪት እናት ገርጥተው ወጡ። «ይቺ እኔ ነኝ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሰው መልክ እንዲህ አይነጠቅም። መያዝ ያለበት የቁጥሮቹ ዝምድና ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በወጣው ከለርቼከር በተባለ የቀለም ማመሳከሪያ ሰሌዳ ላይ ካሉት 24 ቀለማት የመጀመሪያው ጠቆር ያለ ቆዳ ነው፦ 115፣ 82፣ 68 ገደማ። አረንጓዴው የቀዩ 70 በመቶ፣ ሰማያዊው 60 በመቶ ያህል ማለት ነው። ለጠይም ቆዳ ጥሩ መነሻ ነው፤ ብርሃኑና ሰውየው ሲለያዩ ግን ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

እርማቱ ከነጠላው ተጀመረ። አይድሮፐሩ አንድ ፒክስል ብቻ እንዳያነብ 5 በ 5 አማካይ ላይ ተደረገ። ሺፍት ይዞ የነጠላውን ነጭ (ጥበቡን ሳይሆን) ሲጫኑ 226፣ 231፣ 245 ታየ። የእያንዳንዱን ቀለም መጠን በመስመር የሚያስተካክለው ከርቭስ ተከፍቶ የሰማያዊው መስመር ላይኛ ክፍል ላይ፣ 245 ጋ፣ ነጥብ ተደርጎ ወደ 230 ወረደ። ነጠላው ሲስተካከል የቆዳውም ሰማያዊ አብሮ ቀነሰ፤ የቀረው በመስመሩ መካከል ላይ ሌላ ነጥብ ተደርጎ እስከ 76 ወረደ፣ አረንጓዴውም ወደ 92። የላይኛው ነጥብ ነጠላውን ባለበት ስለያዘው ነጩ አልተለወጠም። ልኬቱ አንገት ላይ የተወሰደው ሜካፕ የበዛበት ፊት የፋውንዴሽኑን ቁጥር ስለሚሰጥ ነው። ወዝ የሚያበራበት ግንባርና ከንፈርም አይለካም።

ሣር ላይ የተነሡት አገጫቸው ሥር አረንጓዴ ነጸብራቅ ስለነበረባቸው እዚያ ቦታ ብቻ በማስክ ታረመ። ድንኳን ውስጥ የተነሡትን ግን ከውጪዎቹ ጋር በአንድ ቅንብር ማስኬድ አይቻልም፤ የሸራው ቢጫ ነጠላውንም ፊቱንም እኩል ስለሚነካ ከርቭሱ ለእነሱ ከነጠላው ጀምሮ እንደ አዲስ ተሠራ።