«አጥራችሁን ልናድስ መጥተናል»

በአስተርጓሚነት ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ቃል ስትመጣ ግን እስከ ዛሬ ለአፍታ ዝም እላለሁ። ቃሏ የእንግሊዝኛዋ ፌንስ ናት። አጥር ማለት እንደሆነች የማያውቅ ተማሪ የለም፤ እኔም ያን ቀን የማውቀው ይህንኑ ነበር።

የጣና ዙሪያ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ የሐይቁን ዳርቻ እንጠብቅ ብሎ የሚመጣ ፕሮጀክት ብዙ ነው። እኔ የተቀጠርኩበትም አንዱ ነበር። ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል እንዲያገግም በሚል የእንጨት ችካል ተተከለ። የተተከለው ደግሞ ባሕር ሸሹ ላይ ነው። ባሕር ሸሽ ሐይቁ በበጋ ሲያፈገፍግ የሚገለጠው መሬት ነው፤ ገበሬው ይዘራበታል፣ ከብት ያሰማራበታል። ማንም አልተጠየቀም። በሦስተኛው ቀን ግማሹ ችካል ተነቅሎ አደረ።

ነገሩን ለማብረድ ስብሰባ ተጠራና ከደብሩ ደጃፍ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ከውጭ የመጣ፣ ቅን ሰው ነበር። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ቃል በቃል ብትወሰድ «ከእናንተ ጋር አጥር ልንጠግን መጥተናል» ትላለች። እኔ ደግሞ ከደብሩ ቄስ ከመምሬ ጀርባ ክረምቱ የናደውን የደብሩን ደን የድንጋይ ካብ ፊት ለፊት እያየሁ ነው። ሳልጠራጠር «አጥራችሁን ልናድስ መጥተናል» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከኋላ አንዲት እናት እልል አሉ። መምሬ ተነሥተው መረቁን፤ ኃላፊው ይቅርታው የሠመረለት መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ስንመለስ ስብሰባው ስላማረ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። መምሬ ናቸው።

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ? ድንጋዩን በደቦ ሰብስበን ጨርሰናል። ግንበኛው መቼ ነው የሚመጣው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

በእኛ አገር የደብር አጥር ቀላል ነገር አይደለም። ዙሪያው ታርሶና ተግጦ ባለቀበት አገር፣ አገር በቀሉ ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ ሜግ ሎውማን ጋር ሆነው በእነዚህ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ የደከሙት በዚሁ ምክንያት ነው። ካብ ካለ ከብት ገብቶ ቡቃያውን አይረግጥም፤ ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ስለሚለቀም ማሳው ለማረሻ ይመቻል። እኔ እንግዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቃል የገባሁላቸው ይህን ነበር።

በዚያ ሳምንት የቃሏን ሥር ስፈልግ ብዙ አመሸሁ። ፌንስ የዲፌንስ ቁራጭ ናት፤ መከላከል ከሚለው የፊቱ ተቆርጦ የቀረች። ለዚህ ነው በቀጭን ሰይፍ የሚደረገው፣ ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ያለው ስፖርትም ፌንሲንግ የሚባለው። የተሰረቀ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ሰውም ፌንስ ይባላል። የክስ ሰነድ የምትተረጉም ጓደኛዬ «ላፕቶፑን ለአጥር ሸጠው» የሚል ረቂቅ ደርሷት ግራ ተጋብታ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። የሌባ ተቀባይ ማለት ነበረበት። የመስክ መኪናችን ላይ ያለው ጂኦፌንስ ደግሞ እንጨትም ድንጋይም የለው፤ ካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን ነው፣ መኪናው ሲያልፈው ቢሮ መልእክት ይደርሳል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ «አጥር ላይ ተቀምጧል» የሚለው ነው። አቋም ያልያዘ ሰው ማለት ነው። እኛ መሀል ሰፋሪ የምንለው ቃል ልክ ይገጥመዋል፤ ግን መሀል ሰፋሪ ያናድዳል። መሬቱን ለችካል ይስጥ አይስጥ እያሰበ ላለ ገበሬ እንዲህ ብዬ ብተረጉም ሰደብኩት ማለት ነው። «ገና እያመዛዘነ ነው» ብል ይሻለኛል። እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይሸከማል፤ የቱን እንደፈለገ የሚታወቀው ከተናጋሪው ፊት ነው።

አጥር መጠገን ደግሞ ከተቀያየሙት ሰው ጋር መታረቅ ነው። ዕርቅ ማውረድ፣ ቂም መሻር፣ እኛ ዘንድ ለዚህ ቃል ጠፍቶ ነው?

ለኃላፊው እንዳለ ነገርኩት። አልተቆጣም። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ታዲያ ይቅርታ መጠየቄን አልሰሙም ማለት ነው?» አለኝ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ግንበኛው ወጪ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። ደንጊያው ከደጀ ሰላሙ ጎን ተቆልሏል። ቆሜ፣ «አባቶቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የተናገረውን በትክክል አላደረስኩም» አልኩ።

«ሰውየው ያን ቀን ያለው ምንድን ነው ታዲያ?» አሉ መምሬ።

«ሳንጠይቃችሁ መሬታችሁ ላይ ችካል ተክለን በድለናችኋልና እንታረቅ ነው ያለው፣ መምሬ።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው በመጨረሻ የተናገሩት። «እኛማ ችካሉን ሳያነሡ ስለ ካብ የሚያወሩት አፋችንን ሊያዘጉ ነው ብለን ነበር።»

መርቀውን ሳለ፣ እልልታው ሳለ፣ ለካ በሆዳቸው ይህ ነበር።

ኃላፊው በራሱ ቃል እንደገና ይቅርታ ጠየቀ፤ እኔም እያንዳንዷን ቃል «ይህን ማለትህ ነው?» እያልኩ፣ እየጠየቅሁ አደረስኩ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ባሕር ሸሹን በእግር ዞረ። እነሱ በዘንጋቸው እያመለከቱ፣ የችካሉ መስመር ከእርሻው ወጥቶ ወደ ደንገሉ እንዲጠጋ ተስማሙ።

ለካቡ ግን በጀት አልተገኘም። መምሬ «ደንጊያው ከተሰበሰበ ወዲያ ማን ይበትነዋል» ብለው ምእመኑን ጠሩ። እኔም አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፤ ከሴቶቹ ጋር ተሰልፌ መዳፌ እስኪላጥ ድንጋይ አቀበልኩ። የሚክቡት አባት የሰጠኋቸውን ድንጋይ ሁለት ሦስቴ ያገላብጡታል፤ ፊቱን ካላገኙ አያስቀምጡትም። «ቆይ ልጄ፣ የዚች ቦታዋ እዚህ አይደለም» ብለው ይመልሱልኛል። ተቀብዬ ከጎኔ አኖረውና ሌላ አቀብላቸዋለሁ።