ልክ ሰባት ሰዓት ላይ

ዛሬ ምጣድ ሊጠግን የመጣው ልጅ ሥራውን ሲያጣድፈው ቆይቶ ልክ ሰባት ሰዓት ሲል እጁ ቀዘቀዘ። «ጋሼ፣ ጫት ከተውኩ 12 ቀኔ ነው። ቀኑን እንደምንም እችለዋለሁ፣ ሌሊት ግን ዱካኩ!» በቅዠቱ ከገደል ሲወድቅ ነው የሚያድረው። እያወራኝ ባዶ ግራ ጉንጩን በምላሱ ይገፋል፣ እዚያ ያስቀመጠው ዕቃ እንደጠፋበት ሰው።

ካቲኖን የሚባለው የጫቱ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ በኮባ የሚጠቀለለውም ለዚሁ ነው። አንጎል ግን እንዲህ ቶሎ አይረሳም፤ ሰዓቱን፣ ሰፈሩን፣ የበርጫ ጓደኛውን ሳይቀር ከምርቃናው ጋር አስሮ ያስቀምጣል። እኔ ሞኙ «ወንድ ከሆንክማ ትተወዋለህ» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ሒሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ ታክሲ ጋ የሚያደርሰውን አቋራጭ ትቶ በላይኛው መንገድ ዞረ። አቋራጩ ላይ ሦስት ጫት ቤት አለ።