ልጆቼ ከትምህርት በፊት የሚበሉት ቁርስ

እዚህ ለንደን ሐበሻ ወላጆች ስንገናኝ ስለ ልጆቻችን ትምህርት የማናነሳው ነገር የለም። የሂሳብ ውጤት፣ የመምህሯ ጠባይ፣ ሁለተኛ ደረጃ የት ቢገቡ እንደሚሻል፣ አማርኛውን እንዴት እንደምናቆይላቸው። ትምህርት ሳይጀመር ልጆችን ተቀብሎ ቁርስ በሚያበላው በብሬክፋስት ክለብ ጠዋት ምን እንደሚበሉ ግን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ሰሞኑን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ልጻፈው።

ክለቡ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ ነው፤ መጀመሪያ የምደርስላቸው እናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ነው። ትምህርት ቤቱ በሩን የሚከፍተው ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ክለቡ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቼን ባይቀበለኝ ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን ሥራ ማቆም ነበረብን። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ገና ሳይነጋ ከቤታቸው ወጥተው መጥተው፣ እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ጠርተው ነው የሚቀበሉት። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ከልቤ ስለማመሰግናቸው ነው።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሥራ ተሰርዞልኝ ስለነበር ከልጆቼ ጋር ገብቼ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ የዳቦ ቶስት፣ ማርጋሪን፣ ጃምና በዳቦ የሚቀባ ቸኮሌት አለ። ሁለት ዓይነት ሲሪያል ቀርቧል፤ አንዱ በስኳር የተለበጠ፣ ሌላው ቸኮሌት ያለበት። የብርቱካን ጁስ በትልቅ ጆግ ተቀምጧል፤ ልጆቹ ራሳቸው እየቀዱ ይደጋግማሉ። ሙዝና ፖምም አለ፤ ግን ግድግዳው ጋ ባለ ቅርጫት ውስጥ፣ ከነልጣጩ፣ ሳይቆረጥ። በነበርኩበት ሰዓት ከዚያ ቅርጫት የወሰደ ልጅ አላየሁም። የአምስት ዓመት ልጅ ሙሉ ፖም አንስታ መቼ ትጨርሰዋለች?

ልጄ በስኳር የተለበጠውን ሲሪያል በላች፤ ከዚያ ቶስት በጃም፤ ከዚያ ጁስ። ካርቶኑን አንስቼ ጀርባውን አነበብኩት። በ100 ግራም ውስጥ 35 ግራም ስኳር ይላል። እዚህ አገር ምግብ ማሸጊያ ላይ በቀለም በሚደረገው ምልክት ከ100 ግራሙ 22.5 ግራም በላይ ስኳር ከሆነ ቀይ ነው፤ 5 ግራምና ከዚያ በታች ከሆነ አረንጓዴ። ሠላሳ ግራም የምትሆን ትንሽ ሳህን ሲሪያል እንኳ ከ10 ግራም በላይ ስኳር ይዛለች። በደንብ የተቀባ ጃም ወደ 9 ግራም ይጨምራል። አንድ ትንሽ ብርጭቆ ጁስ፣ 150 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 15 ግራም። ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ግን በቀን ከ19 ግራም እንዳይበልጥ ነው፤ የጁስም ስኳር እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ልጄ ገና ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሳይሆን የቀኑን ድርሻዋን አልፋ፣ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። በእንግሊዝ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች ሆስፒታል ከሚተኙባቸው ምክንያቶች የመጀመሪያው የጥርስ መበስበስ መሆኑን ለሚያውቅ ወላጅ ይህ ሒሳብ ቀላል አይደለም።

ጥርሱ ብቻም አይደለም። እንዲህ ያለ ቁርስ ሆድ ይሞላል እንጂ አይዘልቅም። ልጄ ከምሳ በፊት ሆዴን ራበኝ እያለች መምህሯን ስትነዘንዝ እንደምታረፍድ ደጋግሞ ተነግሮኛል። ምሳቸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በነጭ ዳቦና በስኳር የተጀመረ ጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት እንደማያደርስ ጨጨብሳ ወይም ቂንጬ በልቶ ትምህርት ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ ጠዋት ለቂንጬው ቅቤ ስትጨምርበት የቆየችው ለዚህ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ሕጉን ፈልጌ አነበብኩ። እኔ የትምህርት ቤት ምግብ ደንብ ስለ ምሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ወላጅም እንደዚያ ነው የሚያስበው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከጠዋት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቀርበውን ምግብ ሁሉ ይመለከታል፤ ቁርሱንም ጭምር። ጁስ ከ150 ሚሊ ሊትር አይበልጥም። ከረሜላ፣ ቸኮሌትና በቸኮሌት የተለበጠ ነገር አይፈቀድም። ኬክና ብስኩት ከምሳ ውጪ አይቀርብም። ፍራፍሬ ወይም አትክልት ምግብ በሚሰጥበት ሁሉ መኖር አለበት። ዌልስ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነፃ ቁርስ አለ፤ እዚያ የሚቀርበው ሲሪያል በስኳር ያልተለበጠ እንዲሆን በመመሪያው ተጽፏል። ይህ ሁሉ ማንም ሰው ማንበብ በሚችልበት ቦታ የተቀመጠ ነው።

ነገሩን ለአንዲት ጓደኛዬ ነገርኳት። እሷም ልጇን እዚያው ታስገባለች። ፈራችልኝ። «ተይው እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም። ቦታውን ቢነሱሽ የት ልትወስጃቸው ነው? ተጠባባቂው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቁርስ በሉ፣ ሞቃት ቤት ተቀመጡ፣ ተመስገን በይ እንጂ።» አልተናደድኩባትም። ስንቶቻችን እዚህ አገር ስንመጣ ያገኘነውን ሁሉ እጅ ነስተን መቀበል ለምደናል። ቤት ሲሰጡን፣ ትምህርት ቤት ሲገኝ፣ ሐኪም ሲያየን፣ ሁሉም እንደ ውለታ ይታየናል። ውለታ ስለሆነ ለመጠየቅ እናፍራለን። እኔ ግን ምስጋናና ጥያቄ አብረው መኖር ይችላሉ ባይ ነኝ። ለቤተ ክርስቲያን ዝክር የሚያዘጋጅ ሰው እንኳ ወጡ ጨው አነሰው ቢባል አይቀየምም፤ ሰው እንዲበላለት ነውና ያዘጋጀው። ክለቡም ያለው ልጆቹ እንዲበሉ ነው።

የክለቡን ኃላፊ ቀጠሮ ጠይቄ አገኘኋት። ጥሩ ሴት ናት፤ አዳመጠችኝ። የነገረችኝም ነገር እውነት አለው። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ለምሳ አቅራቢው ድርጅት ስለተሰጠ ጠዋት ይቆለፋል። እነሱ ያላቸው ቶስተር፣ ማይክሮዌቭ፣ ማንቆርቆሪያና አንድ ማቀዝቀዣ ነው። ሠራተኛ ሁለት ብቻ፤ አንዷ በር ላይ ልጆች ትቀበላለች፣ ሌላዋ ዳቦ ትጠብሳለች፣ አለርጂ ያለበትን ልጅ ትከታተላለች። የአጃ ገንፎ ሞክረው ነበር፤ ልጆቹ አልበላም ብለው ተደፋ። የምግቡ በጀትም ጠባብ ነው። ይህን ስሰማ መንግሥት የጀመረው ነፃ የቁርስ ክለብ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ላይ በ750 ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ለአንድ ልጅ በቀን የተመደበው 60 ፔንስ ነበር፤ ለነፃ ምሳ ብቁ ለሆነ ልጅ ደግሞ 78። ከዚያ ላይ የሰው ጉልበትም ይወጣል። በዚህ ገንዘብ ርካሹ ነጭ ዳቦና ርካሹ ጃም ቢመረጥ አይገርመኝም። ልጆቹን ከመራብ ያተረፈ ሥራ ነው፤ ከዚያ ግን ማለፍ አለበት፤ እንዲያልፍም ገንዘቡ መጨመር አለበት።

ሆኖም በዚያው ቶስተርና ማይክሮዌቭ ብዙ ነገር ይቻላል። ሙሉ የስንዴ ዳቦ በዚያው ቶስተር ይጠበሳል። በ100 ግራም ውስጥ ስኳሩ ከ5 ግራም በታች የሆነ እንደ ዊታቢክስ ያለ ሲሪያል ውድ አይደለም። እንቁላል ከትናንት ተቀቅሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል። በቲማቲም የተሠራው የጣሳ ባቄላ፣ ስኳርና ጨው የተቀነሰበት፣ በማይክሮዌቭ ይሞቃል። ሙዙ ከተላጠና ፖሙ ከተቆረጠ፣ ከቶስቱም ቀድሞ ጠረጴዛው መሀል ከተቀመጠ፣ የራበው ልጅ ያገኘውን ይበላል። ገንፎውም ቢሆን በአንድ ቀን ሙከራ አይፈረድበትም። አንድ ልጅ አዲስ ምግብ ብዙ ጊዜ ቀርቦለት ነው የሚለምደው። ትልቁ ልጄ አጥሚት በሕፃንነቱ እየተፋ፣ እየተፋ ነው የወደደው።

ስለ ባቄላው ሳነሳ የጾሙን ነገርም አነሳሁ። ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመት ካለፈው ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ወተትና እንቁላል አይነካም፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ጠዋት ደረቅ ቶስት በጃም በልቶ የሚሄድበት ሳምንት ብዙ ነበር። ሲሪያሉ በላም ወተት ብቻ ስለሚቀርብ ይተወዋል፤ የዳቦ ቅባቱም ወተት አለበት። በክለቡ እስላም ልጆችም አሉ፤ እነሱ ደግሞ በጄላቲን የረጋ እርጎ አይበሉም፤ አንዳንድ ዓርብ የሚቀርበው ሶሴጅ የአሳማ ይሁን የሌላ የሚነግራቸው የለም። የአሳማው ነገር ለእኛም ያው ነው። ኃላፊዋ ይህን ጨርሶ አላሰበችበትም ነበር። «ለምን እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም?» አለች። የጣሳው ባቄላ ለጾመኛውም፣ ለእስላሙም፣ ላልጾመውም ይሆናል። ከአጃ የተሠራ ወተት አንድ ካርቶን ቢኖር ደግሞ የእኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን ወተት የማይስማማው ሌላውም ልጅ ይጠቀማል።

አንድ ነገር ደግሞ ምግቡን ያህል አሳስቦኛል። ያን ጠዋት ልጆቹ ሲበሉ ግድግዳው ላይ ካርቱን ተከፍቶ ነበር። ሁሉም ወደዚያ አንጋጠው፣ ማንኪያው አፋቸው ጋ ቆሞ፣ ምን እንደበሉ ሳያውቁ ይጨርሳሉ። ማንም ከማንም አያወራም። እኛ ጋ ልጅ መብላትን የሚማረው ከትልቅ ሰው ጋር ገበታ ቀርቦ ነው፤ አጎራረሱን አይቶ፣ «ጨምር፣ ብላ» ተብሎ። አንዲት ሠራተኛ ዳቦ መጥበሱን ጨርሳ ሻይዋን ይዛ መሀላቸው ስትቀመጥ ያየሁት ልዩነት የሚገርም ነው። አንዷ ልጅ ሙዝ ልጭልኝ አለቻት። ሌላው የጥርሱን መነቃነቅ አሳያት። ካርቱኑን ረሱት።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አለ። በእንግሊዝ 106 ትምህርት ቤቶች ተካተው በከፊሎቹ ነፃ ቁርስ እንዲሰጥ ተደርጎ ሲታይ የሁለተኛ ዓመት ልጆች፣ ማለትም ስድስትና ሰባት ዓመት የሆናቸው፣ በንባብ፣ በጽሑፍና በሂሳብ የሁለት ወር ያህል ብልጫ አሳይተዋል፤ የክፍሉም ጠባይ ተሻሽሏል። አጥኚዎቹ ለውጡ ቁርስ በመብላት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ፣ ክለቡ መሄዱ ራሱ፣ የሚቀርበውም ምግብ ዓይነት ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ጽፈዋል። የዚያ ፕሮግራም ቁርስ ገንፎ፣ ስኳሩ ያነሰ ሲሪያልና ቤግል የሚባለው መሀሉ ክፍት የሆነ ክብ ዳቦ ነበር። ስለዚህ «ቁርስ ሰጥተናል» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ልጇን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምታስተምረው። ከተማው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቁርስና ምሳ ይመግባል። በስልክ ስናወራ ልጁ ምን በላህ ስለው «ፍርፍር» ይለኛል፤ ሰፈር ውስጥ የሚታወቁ እናቶች ናቸው የሚሠሩት። እህቴ የማይጥመው ነገር ሲኖር በአካል ሄዳ ትነግራቸዋለች። እኔ ከእሷ ያነሰ ድፍረት ሊኖረኝ የሚገባበት ምክንያት አልታየኝም።

ከንግግራችን በኋላ የተለወጠ ነገር አለ። የሚቀባው ቸኮሌት ከጠረጴዛው ተነስቷል። ፍራፍሬው ተቆርጦ መሀል ይቀመጣል፤ ልጄ «ፒር» የሚባል ነገር እንደምትወድ ያወቀችው እዚያ ነው። ባቄላው ረቡዕና ዓርብ ይቀርባል። በስኳር የተለበጠው ሲሪያል ግን አሁንም አለ፤ ጁሱም በጆግ ነው። ኃላፊዋ እነዚህን ለመለወጥ የበላዮቼ ፈቃድ ያስፈልገኛል ስላለች ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው ሦስት ነገር ነው፤ የሳምንቱ የቁርስ ዝርዝር በር ላይ እንዲለጠፍ፣ ሲሪያሉ ስኳሩ ባነሰ እንዲተካ፣ ጁሱ በትንሽ ብርጭቆ አንዴ ብቻ እንዲሰጥ። ያቺ ጓደኛዬም ፈርማለች፤ አንዲት የሶማሌ እናትና አንድ ፖላንዳዊ አባትም አሉበት። ስብሰባው ከእረፍት መልስ ነው፤ ፈረቃዬን ከአሁኑ አስቀይሬያለሁ።