አራተኛዋ ፊደል

«ስንዴዬን ዋግ መታው» ብሎ የሚደውልልኝን ገበሬ መጀመሪያ የምጠይቀው የት ላይ እንደወጣና ምን መልክ እንዳለው ነው። ቢጫ ሆኖ የቅጠሉን ጅማት ተከትሎ በመስመር ከተደረደረ ቢጫ ዋግ ነው፤ ቅዝቃዜ ስለሚስማማው ደጋውን ይወዳል። ክብ ክብ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ቅጠሉ ላይ ተበትኖ ከታየ የቅጠል ዋግ ነው። የሸክላ መልክ ያለው፣ ረዘም ያለ፣ የአገዳውን ቆዳ ቀዶ የሚወጣ ከሆነ ግን የግንድ ዋግ ነው። ያን ጊዜ ቦርሳዬን አነሳለሁ። ለአጨዳ ሦስት ሳምንት የቀረው ያማረ ማሳ በዚህ ዋግ አገዳው ተሰባብሮ፣ ፍሬው ጭምድድ ብሎ ሊቀር ይችላል።

ሦስቱም ፑቺኒያ በሚባል አንድ ወገን ሥር የሚመደቡ ፈንገሶች ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ይለያያሉ፦ የግንድ ዋግ ስፖር (ፈንገሱ የሚራባበት ዘር መሰል ብናኝ) ሞላላ ሲሆን ወገቡ ላይ አራት የመብቀያ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሌሎቹ ሁለቱ ከክብ የቀረበ ነው፣ ቀዳዳዎቹም በየቦታው የተበተኑ ናቸው። ማይክሮስኮፕ የሚያደርሰን ግን እስከዚህ ብቻ ነው። ገበሬውን የሚያድነው ወይም የሚያከስረው ልዩነት ከዚህ በታች፣ ሬስ በምንለው ደረጃ ላይ ነው ያለው። ሁለት ሬሶች መልካቸው ፍጹም አንድ ሆኖ፣ አንዱ የሚጥለውን ዝርያ ሌላው ላይነካው ይችላል።

ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ላይ ካልሆነ ስለማያድግ፣ ሬሱን ለማወቅ ስንዴ መዝራት ግድ ነው። ከአንዲት ነጠላ ቁስል የተነሳውን ስፖር መከላከያ በሌለው ዝርያ ላይ እናራባለን። ከዚያ እያንዳንዳቸው የታወቀ የመከላከያ ዘረመል በያዙ 20 መለያ የስንዴ መስመሮች ቡቃያ ላይ እንረጨዋለን። ጨለማና እርጥበት ባለበት ክፍል ያድራሉ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ከ0 እስከ 4 እንመዝናቸዋለን። 3 እና ከዚያ በላይ ያገኘ መስመር ተሸንፏል ማለት ነው። መስመሮቹ በአራት በአራት ተከፍለው አምስት ቡድን ስለሚሆኑ፣ የሬሱ ስምም አምስት ፊደል ይሆናል። አራቱም መስመሮች ከተሸነፉ ቲ፣ አራቱም ከቆሙ ቢ ይጻፋል።

ይህ ለጽሕፈት ቤት ሰው የሚጠቅም ዝርዝር ብቻ የሚመስለው ካለ የዲጋሉን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ከመታ በኋላ፣ ዲጋሉ የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘራ። ቢጫ ዋጉን ይቋቋም ነበር፤ ኡጋንዳ ውስጥ ተገኝቶ በ1999 የታወቀውን ዩጂ99 የተባለውን የግንድ ዋግም እንዲሁ። የዩጂ99 ፊደላት ቲ-ቲ-ኬ-ኤስ-ኬ ናቸው። አራተኛዋ ኤስ፣ በአራተኛው ቡድን ውስጥ ሦስቱ መስመሮች ሲሸነፉ አንዱ እንደቆመ ትናገራለች። የቆመው ዲጋሉ የተማመነበትን ዘረመል የያዘው ነው። በ2013 ባሌና አርሲ የመጣው ሬስ ግን ቲ-ኬ-ቲ-ቲ-ኤፍ ነበር። አራተኛዋ ፊደል ቲ ሆነች። አንዳንድ የዲጋሉ ማሳ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ያቺን ፊደል ባየኋት ቁጥር ሆዴን ያመኛል።

አዲስ ሬስ ከየት ይመጣል? አንዱ መንገድ ሚውቴሽን፣ ማለትም ድንገተኛ የዘረመል ለውጥ ነው፤ ስፖሩ በነፋስ ድንበር ተሻግሮም ይመጣል። ባሌ ውስጥ በበልግም በመኸርም ስለሚዘራ፣ ፈንገሱ ከአንዱ አረንጓዴ ማሳ ወደ ሌላው እየተሻገረ ዓመቱን ይዘልቃል፤ በማሳ ዳር በራሱ የበቀለ ስንዴም ያስጠጋዋል። ሌላው መንገድ ባርቤሪ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። በወቅቱ ማብቂያ አገዳው ላይ የሚታየው ጥቁር ስፖር ሲበቅል የሚያወጣቸው ትንንሽ ስፖሮች ስንዴን አይነኩም፤ የሚያርፉት ባርቤሪ ላይ ነው፣ የፈንገሱ መዳቀልም እዚያ ይፈጸማል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አንቶን ደ ባሪ ይህን ዝምድና በ1865 በሙከራ አሳይቷል። የባርቤሪ ወገን በእኛም ደጋ ስለሚበቅል፣ ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ቁስል ያየ የግብርና ባለሙያ አልፎት ባይሄድ እወዳለሁ።

ናሙና ለምትልኩልኝ ባልደረቦቼ፦ እባካችሁ ፀረ ፈንገስ ሳይረጭ ቁረጡ። አገዳውን ከነቅጠል መጠቅለያው በወረቀት ፖስታ አድርጉት፤ ፌስታል ውስጥ ላብ ይዞት ይሻግታል። የዝርያውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ፖስታው ላይ ጻፉ። ዝርያው ካልታወቀ ገበሬውን ጠይቁ፤ ዘሩን ከማን እንዳገኘ ይነግራችኋል።