የምፈልገው ሥልጠና ቅጹ ላይ የለም

በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ርዕሰ መምህሯ ለሁላችንም አንድ ቅጽ ታድላለች። «በዚህ ዓመት ምን መሠልጠን ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ለኔ ዓይነቱ ሠራተኛ የተዘረዘረው ያው የታወቀው ነው፦ በጀት ዝግጅት፣ የግዢ ሕግ፣ የሠራተኛ አስተዳደር፣ የመረጃ ጥበቃ። ዘንድሮ አንዱንም አልነካሁትም። «ሌላ» ከሚለው አጠገብ «ልጆችን በሆይስት ማንሳትና ማውረድ» ብዬ ጽፌ መለስኩላት፤ ሆይስት መራመድ የማይችል ልጅ የሚነሳበት ማንሻ ነው። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ይሄ ያንቺ ነው ወይስ የረዳቶቹ ቅጽ ተቀላቅሎ ነው?» አለችኝ።

የኔ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ደቡብ ለንደን በሚገኝ አንድ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ቢዝነስ ማናጀር ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እዚህ ደግሞ በምሳ ሰዓት ልጆች በመጠበቅ ጀምሬ፣ በእንግዳ መቀበያው በኩል አልፌ ነው አሁን ያለሁበት የደረስኩት። ሥራው ከማስተማር ውጭ ያለው ሁሉ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ደመወዝ፣ ግዢ፣ ኢንሹራንስ፣ ቦይለር፣ የወጥ ቤት ኮንትራት፣ ሚኒባስ፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው፣ ማርች መጨረሻ ላይ ደግሞ ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ የሚላከው የፋይናንስ አያያዝ መጠይቅ።

ሙያው እንግሊዝ አገር የራሱ ማኅበር አለው፤ አይ ኤስ ቢ ኤል ይባላል። ሥራውን በስድስት ዘርፍ ከፍሎታል፦ የድጋፍ አገልግሎቶችን መምራት፣ ፋይናንስ፣ ግዢ፣ ሕንጻና ንብረት፣ የሰው ኃይል፣ ማርኬቲንግ። የመጨረሻውን ሳነብ ሁሌም ፈገግ እላለሁ፤ እኛ ጋ ልጃቸውን የሚያስገቡበት ያጡ ወላጆች በየሳምንቱ እየደወሉ ማን ማስታወቂያ ይሠራል? ለጀማሪ የሚሆነው ሌቭል 4 ዲፕሎማ ነው። እየሠሩ በአፕረንቲስሺፕ የሚማሩበት መንገድም አለ። እኔ ዲፕሎማውን በማታ ነው የጨረስኩት፤ ደህና ትምህርት ነው፣ አስተማሪያችንም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ነገር ግን ምሳሌው ሁሉ ስለ አንድ መደበኛ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ኦክቶበር ላይ ተማሪ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ በቀመር ይባዛል፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይታወቃል። ተማሪ ሲያንስ ሁለት ክፍል ይዋሃዳል፤ መልመጃው ያልቃል።

የኛ ገንዘብ እንዲህ አይመጣም። ከ2013 ጀምሮ መንግሥት ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት የሚመድበው መነሻ በአንድ የተማሪ ቦታ በዓመት 10,000 ፓውንድ ነው። ልብ በሉ፣ ለተማሪ ሳይሆን ለቦታ ነው። ያ አሐዝ እስካሁን 10,000 ነው። የዳቦን፣ የጋዝን፣ የደመወዝን ዋጋ የ2013ቱን ከዛሬው አስተያዩና ፍረዱ። በየጊዜው ከጎን የሚጨመር ድጎማ አለ፤ መነሻው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በላይ ያለውን ልጁ የሚኖርበት ካውንስል ይከፍላል፤ ቶፕ አፕ እንለዋለን። እሱ ልጁን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ልጁ ፌብሩዋሪ ላይ ቤተሰቡ ሌላ ከተማ ቢገባ፣ ቶፕ አፑም አብሮት ይሄዳል። ለሱ የተቀጠረችው ረዳት ግን አትሄድም፤ ኮንትራቷ እኔ ፋይል ውስጥ ነው። ልጆቻችን ከተለያዩ ካውንስሎች ነው የሚመጡት፤ የክፍያ እርከኑ፣ የደረሰኝ አቀባበሉ፣ የሚያዘገይበት ሰበብ በየካውንስሉ ይለያያል። ካውንስሎቹም ቢሆኑ ለልዩ ፍላጎት ትምህርት ከተሰጣቸው በላይ የሚያወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ጉድለቱን ከዋናው ሒሳባቸው ለይተው እንዲይዙ የሚፈቅደው ደንብ እስከ ማርች 2028 የተራዘመው ለዚያ ነው። ስለዚህ ቶፕ አፕ ይጨመርልን ብሎ የሚጠይቅ ማናጀር ማስረጃ ይዞ ካልሄደ በር ላይ ይመለሳል።

ማስረጃው የት ነው? የልጁ ዕቅድ ውስጥ። በ2014ቱ የልጆችና ቤተሰቦች ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ተማሪያችን የትምህርት፣ የጤናና የእንክብካቤ ዕቅድ አለው፤ እንደ ሁኔታው እስከ 25 ዓመቱ ሊዘልቅለት ይችላል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይገመገማል። የዚህ ሰነድ ክፍል ኤፍ ልጁ ምን ዓይነት ድጋፍ ማግኘት እንዳለበት የሚዘረዝር ነው፤ እዚያ የተጻፈውን የማሟላት ግዴታው የካውንስሉ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ የንግግር ቴራፒ ድጋፍ ያገኛል» ከተባለ ማንም አይገደድም፣ ሳንቲምም አይመጣም። «በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ፣ በሠለጠነ ባለሙያ» ከተባለ ግን ዋጋ ይወጣለታል። በዲፕሎማው ትምህርት ክፍል ኤፍ የሚባል ነገር ስሙ እንኳ አልተነሳም። እኔ ያወቅኩት የግምገማ ስብሰባ ላይ ልቀመጥ ብዬ ምክትል ርዕሰ መምህሯን ለምኜ ነው። መጀመሪያ ላይ ቴራፒስቶቹ «ሒሳብ ክፍሉ ምን ሊቆርጥ መጣ?» በሚል ዓይን ነው ያዩኝ። አይፈረድባቸውም።

ከስብሰባ በኋላ አንዲት ያገሬ ልጅ እናት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ ነበራት፤ እኔ ማስተርጎም አይፈቀድልኝም፣ ደግሞም ልክ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ የወላጅ አፍ መሆን የለበትም። «እህቴ፣ እንደው አትቀየሚኝና፣ ይሄ ሁሉ ገንዘብ በልጄ ስም ነው የሚመጣው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያ ምነው ፊዚዮቴራፒስቷን ካየናት ወር አለፈን?» አለች። ቴራፒስቷን የሚቀጥረው የጤና አገልግሎቱ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን ዕቅዱ ውስጥ በቁጥር ስላልተጻፈ የሚጠየቅ አካል የለም። ይህን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እሷ «አሃ፣ እንዲጻፍ ነዋ የምጠይቀው» ብላ ሄደች። ከብዙ የፋይናንስ ሰዎች ቶሎ ገባት።

ወደ ሆይስቱ ልመለስ። መራመድ የማይችሉ ልጆቻችን ከዊልቸር ወደ መጸዳጃ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ መዋኛ የሚሸጋገሩት ጣሪያ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ በሚሄድ ማንሻ ነው። ልጁን የሚያቅፈው ጨርቅ ስሊንግ ይባላል። በ1998ቱ የማንሻ መሣሪያዎች ደንብ መሠረት ሰው የሚያነሳ መሣሪያ በየስድስት ወሩ በባለሙያ መመርመር አለበት፤ ስሊንጉም እንደዚያው። በአንዱ ምርመራ መርማሪው መለያው በእጥበት ብዛት የማይነበብ ስሊንግ አገኘና ከአገልግሎት አስወጣው። ጨርቁ ሲታይ ምንም አልሆነም። ግን የሚችለው ክብደት ካልተነበበ አለቀ፣ ሕጉ ነው። የዚያ ክፍል መምህርት እያለከለከች መጣች፤ ልጁ በልኩ የተሠራ ሌላ ስሊንግ ስለሌለው ከዊልቸሩ አይወርድም፣ ካልወረደ ዳይፐር አይቀየርለትም። ለኔ ወረቀት ላይ አንድ ዕቃ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በየልጁ ሁለት ስሊንግ ይኑር የሚል መስመር በጀቱ ላይ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባላት «ለምን ድርብ?» ሲሉ የማስረዳው በዚህ ታሪክ ነው።

ሥልጠናውን ርዕሰ መምህሯ ፈቀደችልኝ። አሠልጣኟ ሁላችንንም ተራ በተራ ስሊንግ ውስጥ አስገብታ ሰቀለችን። ጣሪያ እያየሁ፣ እግሬ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት ሰዎች ከላዬ ስለ ምሳቸው ሲያወሩ ሰማሁ። ሆን ብለው ነው፣ የሥልጠናው አካል ነው። ልጅ ሲነሳ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ አንዱ መቆጣጠሪያውን ይይዛል፣ አንዱ ልጁን። አንዷ ረዳት ጠዋት ከቀረች ሌላዋ ብቻዋን ማንሳት አትችልም፣ ስለዚህ ከኤጀንሲ ሰው ይመጣል። የትምህርት ሚኒስቴሩ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ላይ የኛ የኤጀንሲ ወጪ ሁሌ ቀይ ነው። ሠንጠረዡ ትምህርት ቤቶችን በዓይነት ይመድባል እንጂ አንዱ ጋ በሆድ በተተከለ ቱቦ የሚመገቡ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ሌላው ጋ የሚሮጡ ልጆች ስንት እንደሆኑ አያውቅም። የመዋኛ ገንዳው የጋዝ ወጪም ያው ነው፤ ጡንቻቸው ለሚጨማደድ ልጆች ውኃው ከ33 ዲግሪ በታች ቢወርድ ትርጉም የለውም፣ ሠንጠረዡ ግን «ኃይል አባካኝ» ይለናል።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የጠቀመኝ ሥልጠና ሰርተፊኬት የለውም። በአካባቢያችን ያለን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ማናጀሮች በየተርሙ አንዳችን ጋ እንገናኛለን። ሻይ፣ ብስኩት፣ ከዚያ ጉብኝት። ዊልቸር የሚያስገባ ሚኒባስ በኪራይ ይሻላል ወይስ በግዢ፣ የዳይፐር ቆሻሻ ኮንትራት ማን ጋ ይረክሳል፣ የትኛው ካውንስል ነው ደረሰኝ ሲዘገይ በስልክ የሚሰማው። ወጣቶቹ ይህን በስክሪን እናድርገው ሲሉ እኔ እቃወማለሁ፤ የሰው ቦይለር ክፍል በስክሪን አይታይም።

በመምህር ረዳትነት የምትሠሩ ብዙ ሐበሾች «እንዴት ቢሮ ልግባ?» እያላችሁ ትጽፉልኛላችሁ። ሆይስቱን፣ የመመገቢያ ቱቦውን፣ የክፍሉን ውሎ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ያንን ለመማር ቅጽ መሙላት ነበረብኝ። የጎደላችሁ የሒሳቡ ነው፣ እሱ ደግሞ በማታ ይማሩታል። አፕረንቲስሺፑ ለወጣት ብቻ አይደለም፤ በአምሳ ዓመቱም የጀመረ አውቃለሁ። በሥራ ሰዓት መማሪያ ጊዜ ስለሚሰጥ ግን አለቃችሁ መስማማት አለበት። ማናጀራችሁን ስትጠይቁ ከክሪስማስ በፊት ጠይቁ። ከጃንዋሪ እስከ ማርች በጀት ላይ ስለምንሆን ሰላምታ እንኳ በቅጡ አንመልስም።