«ምን ቸገረን» ቢሉህም ሳሎን ውስጥ አታጭስ

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሌላ ሰው አብሮ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ሲጋር አይጨስም። ሳሎን ውስጥ አይጨስም። በር ዘግቶ መኝታ ቤትም አይጨስም። መስኮት ከፍቶም ቢሆን ያው ነው። የቤቱ ሰው በሙሉ «ምን ቸገረን፣ አጭስ» ብሎ ቢፈቅድም አይጨስም። እንዲያውም የዛሬው ወሬዬ ከጭሱ ይልቅ ስለዚያች «ምን ቸገረን» ስለምትባል መልስ ነው።

ሲጋር ነው ያልኩት፣ ሲጋራ አይደለም። ያ ወፍራሙ፣ ቡናማው፣ ፊልም ላይ ሀብታሞች ጣታቸው መሀል ሰክተው የምናያቸው። ጎንደር ውስጥ የሚያጨሰው ብዙ ሰው የለም። ግን ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች፣ በተለይ የጥምቀት ሰሞን፣ በሳጥን ይዘውት ይመጣሉ። እኛ ቤት ያስገቡት አጎቴ ናቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ዕድሜያቸውን ውጭ አገር ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ «አገሬ ልግባ» ብለው መጡና ከእኛው ጋር መኖር ጀመሩ። እናቴ አለች፣ እኔ አለሁ፣ እህቴ ከነጨቅላ ልጇ አለች።

ጋሼ ጨዋ ሰው ናቸው። ሳይጠይቁ አልለኮሱም። እራት ተበልቶ እጅ እንደታጠብን «እዚህ ባጨስ ቅር ይላችኋል?» አሉ። እናቴ ካፋቸው ነጥቃ «ኧረ ምን ቸገረን! ቤትዎ አይደል እንዴ!» አለች። እህቴ ልጇን አቅፋ ብድግ አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ላየ ሰው ልታስተኛት ይመስለዋል።

እንግዲህ እናቴ ምን ብላ እምቢ ትበል? ታላቅ ወንድሟ ናቸው። የቤታችንን ቆርቆሮ ያስለወጡት እሳቸው ናቸው። እህቴ ስትወልድ ለሐኪም ቤት የላኩት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው «ደጅ ወጥተህ አጭስ» የሚል አፍ እኛ ሰፈር ገና አልተፈጠረም። ይሉኝታ ባለበት ቤት ፈቃድ መጠየቅ ማለት መልሱን አስቀድሞ አውቆ መጠየቅ ነው። ጠያቂው በዕድሜ ከበለጠ፣ ወይ ገንዘቡ ቤቱ ውስጥ ካለ ደግሞ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ከአፍ የሚወጣውን ትተህ ሰው የሚያደርገውን ማየት ነው። እናቴ ሲጋሩ ካለቀ በኋላ እጣን ታጨሳለች፣ ከወትሮው አብዝታ። ጠዋት ጋቢው ሁሉ አጥር ላይ ተሰጥቶ ይገኛል። መጋረጃው ገና ወሩ ሳይሞላ ይወርድና ይታጠባል፣ ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጄሪካን ተሰልፎ። ከሁሉ የባሰው ነጠላዋ ነው። ሳሎን በር ላይ ካለው ምስማር ላይ ነበር የምትሰቅለው። እሑድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልትሄድ ነጠላዋን አንስታ ስታሸት አየኋት። አጣጥፋ መለሰችውና ሌላ ከሳጥን አወጣች። ምንም አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነጠላው ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ትንባሆ ሸትቶ ቅዳሴ መቆም ለእሷ ትልቅ ነውር ነው። ያደገችው ትንባሆ የበቀለው ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው እየተባለ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ደግሞ የሚያጨስን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ እንደነበር ሲወራ ሰምታለች። (ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከንፈራቸውን ሸፍነው ሳቁ።)

አሁን ወደ ጭሱ። አንድ ትልቅ ሲጋር ከ5 እስከ 20 ግራም ትንባሆ ሊይዝ ይችላል። አንዲት ሲጋራ 1 ግራም እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ከትልልቆቹ አንዱ ብቻውን የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትንባሆ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቶሎ አያልቅም ደግሞ። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይነዳል። የሲጋር ቅጠል እንዲብላላ ተደርጎ ስለሚዘጋጅ ካንሰር አምጪ የሆኑት ኬሚካሎች ይበዙበታል። የሚጠቀለልበት ቅጠልም እንደ ሲጋራ ወረቀት አየር ስለማያስገባ ደህና አድርጎ አይነድም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛማ ጋዝ ያበዛል። ያ ሁሉ ሳሎን ውስጥ ነው የሚቀረው።

ሲጋር የሚያጨሱ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሷት መከራከሪያ አለች። «እኔ እኮ ወደ ሳንባዬ አልስበውም፣ አፌ ውስጥ ብቻ ነው» ይላሉ። ጋሼም ብለዋታል። ለራሳቸው እንኳ ሙሉ በሙሉ አትሠራም፣ ምክንያቱም የሲጋር ኒኮቲን በአፍ ውስጥ ባለው ሥጋ በኩል ወደ ደም ይገባል። ለእኛማ ጭራሽ አትሠራም። እሳቸው ካልሳቡት ማን ሊስበው ነው? ቤቱን የሚሞላው ጭስ አብዛኛው ከሚነደው ጫፍ የሚወጣው ነው። ሲጋሩ መተርኮሻ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ እያለም ይወጣል። አጫሹ ሳበም አልሳበም የእህቴ ልጅ አፍንጫ ይደርሳል።

የሕፃን ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሕፃን ከእኛ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሳንባው ገና እያደገ ነው። የሌላ ሰው የትንባሆ ጭስ ያለበት ቤት የሚያድጉ ልጆች የጆሮ ሕመም፣ የሳንባ ምች፣ የአስም ጣጣ ይበዛባቸዋል። ጨቅላ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ድንገት የሚሞትበት አደጋም ይጨምራል። ይህ ከተረጋገጠ ቆይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ዋና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሪፖርት ከሌላ ሰው ጭስ «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም ብሎ ደምድሟል። መስኮት መክፈትና ማናፈሻ ማብራት አደጋውን እንደማያጠፋውም እዚያው ተጽፏል።

ለነገሩ መስኮቱን ማን ይከፍተዋል? ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ያለ ከተማ ነው። ከመሸ በኋላ በጎንደር ብርድ መስኮት ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። «ትንሽ ገርበብ እናድርገው» ተብሎ ይጀመራል፣ ትንሽ ቆይቶ እናቴ ጋቢዋን ትስብና አንዱ ተነስቶ ይዘጋዋል።

«የራሴ ክፍል ገብቼ በሬን ብዘጋስ?» ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው። ቀና ብለህ ኮርኒስህን እይ። እኛ አገር ብዙ ቤት ውስጥ የክፍሎቹ ግድግዳ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። ከአቡጀዲው ወይም ከማዳበሪያው ኮርኒስ በላይ ያለው ባዶ ቦታ የሁሉም ክፍል የጋራ ነው። የጎረቤት ማንኮራፋት በየት የሚመጣ ይመስልሃል? ጭሱም በዚያው ይሄዳል። አንድ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ የሚከራይ ቤት ከሆነ ደግሞ አብረውህ የማይኖሩ ተከራዮች ጭምር ያጨሱታል፣ ኪራይ ከፍለው።

ጭሱ ከወጣ በኋላም አያልቅም። ኒኮቲኑና ዝቃጩ ግድግዳ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ይለጠፋል። ለወራት እዚያው ሊቆይ ይችላል። ሕፃን ደግሞ ምንጣፍ ላይ ነው የምትድኸው፣ ያገኘችውን ነው አፏ የምትከተው።

ጋሼ ካነሱት ሁሉ አንዱ ግን አከበደኝ። «እናንተስ? በየቀኑ ሳሎን ውስጥ ከሰል አስገብታችሁ ቡና የምታፈሉት፣ እጣን የምታጨሱት ጭስ አይደለም? የእኔ ብቻ ነው የሸተታችሁ?» አሉ። እውነት ነው። በደንብ እውነት ነው። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ወጥቶ ፍም ሲሆን ይገባል፣ እኛም ጭስ ስለማናይ ሰላም ይመስለናል። ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ከፍሙም ይወጣል። ለብርድ ብሎ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ታሪክ የማያውቅ ሰፈር የለም። ስለዚህ በዚህ ክርክር ጋሼ አሸንፈዋል። ቡናው አሁን በረንዳ ላይ ነው የሚፈላው፣ እጣኑም እዚያው። እናቴ አጉረምርማለች፣ ግን ወጥታለች። እሷ ስትወጣ ለጋሼም ሳሎን መቅረት አልተመቻቸውም። የከሰሉ ጥፋት ለሲጋሩ ፈቃድ አይሆንማ። እንዲያውም አንድ ሳሎን ሁለቱን አይችልም።

ሕግ አለ ወይ የሚል ካለ፣ አለ፣ ግን ለዚህ አይደርስም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት ውስጥና የሕዝብ መጓጓዣ ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ከእነዚህ ቤቶች በርና መስኮት 10 ሜትር ሳይርቁም አይጨስም። ፒያሳ ያለ ሆቴል ሲጋርህን ብትለኩስ አስተናጋጁ የሚያስወጣህ ሕግ ይዞ ነው። የእናቴ ሳሎን ግን የሕዝብ ቦታ አይደለም፣ እዚያ ያለችው አስተናጋጅ ደግሞ «ምን ቸገረን» ባይ ናት። ያቺን 10 ሜትር ግን ለቤትም ብንወስዳት ጥሩ ልክ ናት። መስኮት ሥር ቆሞ ማጨስ ውስጥ ሆኖ ከማጨስ ብዙ አይለይም።

እንዴት ነገርኳቸው? ለሲጋር ሽማግሌ አይላክ ነገር። ፊት ለፊት «ያቁሙ» ማለትም ከእኔ አፍ አይወጣም። መጀመሪያ ቦታውን ነው የሠራሁት። ግቢው ጥግ፣ ከጌሾው ወዲያ፣ ነፋሱ ወደ ቤት በማያመጣበት በኩል መደገፊያ ያለው ወንበር አደረግሁ። አንድ አሮጌ ካፖርት ሰቀልኩ። ለአመዱ የቲማቲም ጣሳ አሸዋ ሞልቼ አስቀመጥኩ። ከዚያ «ጋሼ፣ ቦታ አዘጋጅቼልዎታለሁ፣ ወጥተው ይዩልኝ» አልኩ።

«ምነው፣ ከሳሎን አባረራችሁኝ?»

«ሕፃን አለች ጋሼ።»

«እናትህ ምን ቸገረን ብላኝ የለም እንዴ?»

«እናቴን እርስዎ አያውቋትም?»

ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። እህታቸውን ከእኔ በላይ ነው የሚያውቋት። ካፖርቱን ለበሱ።

ካፖርቱ ቀልድ አይደለም። ሽታው የሚገባው በልብስ ነው። ስለዚህ ካፖርቱ ውጭ ይቀራል፣ እጅና ፊት ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ሕፃኗ የምትሳመው። ሲጋሩን መተርኮሻ ላይ መጨፍለቅ ሽታ ያበዛል፣ ዝም ብለው ቢያስቀምጡት በራሱ ይጠፋል። ቁራጩን ግን አያስገቡት፣ ከሚነደው ይልቅ የጠፋው ነው የሚከረፋው። በበጋ ደግሞ ግቢው ውስጥ ደረቅ ሣር ካለ ይታጨድ። በነገራችን ላይ የእኛ የበጋ አየር ሲጋር ያደርቃል፣ ይሰነጣጥቀዋል፣ ምክንያቱም 70 በመቶ ገደማ እርጥበት ይፈልጋል። ጋሼ በፕላስቲክ ዕቃ ከድነው ጓዳ ያስቀምጡታል። ከበርበሬውና ከኮረሪማው አጠገብ ግን አይሁን፣ ሽታ ይወስዳል።

ከጓደኛ ጋር በእኩል ከፍሎ ለሚኖር ሰው ነገሩ ይቀላል። ዕቃ ከመግባቱ በፊት ይነገራል፣ ያልተስማማው ሌላ ቤት ይፈልጋል። የሚከብደው የዘመድ ቤት ነው። የዘመድ ቤት ውስጥ አጫሹ ራሱ ሳይባል መውጣት አለበት፣ ምክንያቱም የሚለው ሰው የለም።

እኛ አሁን የቀረን ክረምት ነው። ጎንደር ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ ጌሾ ሥር አይቀመጡም። ጋሼ «ማድ ቤቱ ጭስ የለመደ ነው፣ እዚያ ልሁን» ብለው ነበር። አልተስማማሁም። እናቴ እንጀራ ስትጋግር የምትውለው እዚያ ነው፣ የምጣዱ ጭስ በቂዋ ነው። ዝናብ ሲበረታ በግማሽ ሰዓት የሚያልቁትን አጫጭሮቹን ያጭሱ አልኩ። እሱን በግማሽ ልብ ተቀበሉ። ለዋናው ግን ጥጉ ላይ አራት ቋሚ ተክለን ቆርቆሮ ልናለብሰው ነው። አናጢው የጠራው ዋጋ በዶላር ሲያስቡት ርካሽ ነው ይላሉ። እኔ በብር ስለማስበው ይክፈሉት ብያለሁ።