ሳልቀምሰው የኖርኩት እራት

6 ዓመት ሙሉ አንድ ምግብ ሳበስል ኖሬያለሁ። ጣዕሙን ግን አላውቀውም ነበር። ያወቅኩት በቀደም ነው። ያውም ሐዋሳ፣ እናቴ ግቢ፣ ከሰል ምድጃ ላይ። ያውም በአሳ።

የምሠራው ቨርጂኒያ ነው፤ ሆም ኬር። የምንከባከባቸው ሴትዮ 80ን ካለፉ ቆይተዋል። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። እሳቸው በእንግሊዝኛ «ማማ» ያልኳቸው ይመስላቸዋል። ደስ ስለሚላቸው አላረምኳቸውም።

እማማ እራት ላይ ትዕግሥት የላቸውም። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲል ሳህኑ ፊታቸው መቅረብ አለበት። እኔም ምሽት 1 ሰዓት ላይ ሺፍቴ ያልቃል፣ አውቶቡስ አያመልጠኝ እላለሁ። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ እራት ለሁለታችንም ይመቻል። የእሳቸው ቶሎ የሚደርስ እራት ደግሞ ሃም ነው፤ በአናናስ የተጠበሰ ሃም። ሐኪማቸው ጨው ስለቀነሰባቸው የሚፈቀድላቸው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ያቺን ቀን እንደ በዓል ነው የሚጠብቋት።

ለማታውቁት፣ ሃም የአሳማ የኋላ ጭን ነው። ጨው ጠጥቶ፣ ብዙ ጊዜም ጭስ ታጥኖ ይሸጣል። ሱፐርማርኬት ውስጥ የጣት ውፍረት ያለው ሰፊ ቁራጭ ሆኖ፣ መሃሉ ላይ እንደ ቀለበት ያለች አጥንት ይዞ፣ በላስቲክ ታሽጎ ታገኙታላችሁ።

እኔ ያደግኩበት ቤት ደግሞ ነገሩ አጭር ነው። አሳማ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ግን አያመሰኳም። ስለዚህ አይበላም። አለቀ። ሰፈራችን ውስጥ በጾም በጸሎቱ የማይገናኙ ጎረቤቶች በዚህ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። እና የመጀመሪያ ቀን ሃሙን የነካሁት ሁለት ጓንት ደርቤ ነው። እማማ ከወንበራቸው ሆነው አዩኝና «ቦምብ ነው እንዴ የያዝሽው?» አሉኝ።

በዚያ ላይ ሥጋው ቀይ ነው። እኔ ጥሬ መሰለኝ። ጠበስኩት፣ አሁንም ቀይ ነው። ጨመርኩለት፣ አሁንም ቀይ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላው የጫማ ሶል ሆኖ ወጣ። ለካ ቀለሙ የሚቀየር አይደለም። ሲዘጋጅ ናይትራይት የሚባል ጨው ይገባበታል፣ ያ ነው ቀይ አድርጎ የሚያቆየው። ደግሞም አብዛኛው እዚያ የሚሸጥ ሃም ፋብሪካው ውስጥ በስሎ ነው የሚወጣው። የእኔ ሥራ ማሞቅ ብቻ ኖሯል። እማማ ያን ቀን ዳቦ በቅቤ በልተው ተኙ። አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ይህን ዝምታቸውን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን ተካንኩበት። ጓሮ ያለውን ጋዝ ግሪል አቀጣጥላለሁ። የሃሙን የስብ ጠርዝ በቢላ ጫር ጫር አደርገዋለሁ፣ አለበለዚያ እሳት ሲነካው ይጠቀለላል። በአንድ በኩል 4 ደቂቃ፣ ገልብጬ ደግሞ 4 ደቂቃ። ከጎኑ ከቆርቆሮ የወጣ ክብ ክብ የአናናስ ቁራጭ እደረድራለሁ። በበጋ ኮክ ይገባል፤ ለሁለት ተከፍሎ ፍሬው ወጥቶለት። መጨረሻ ላይ ቅቡ ይመጣል። እነሱ ግሌዝ ይሉታል፤ የአናናስ ጭማቂ፣ ቡናማ ስኳር፣ ሰናፍጭና ቅርንፉድ ተፈልቶ ወፈር ሲል ማለት ነው። ይህን ቀድማችሁ ከቀባችሁ ጉዳችሁ ነው። ስኳሩ ያርና ቤቱ በጭስ ይሞላል። ሊወርድ 2 ደቂቃ ሲቀረው ነው በብሩሽ መቀባት።

ምላሴ ስለማይፈቀድለት በሌላው ሁሉ ነበር የምሠራው። በአፍንጫዬ፣ በጆሮዬ፣ በቴርሞሜትር። 140 ፋራናይት ካለ ይወርዳል። በእኛ 60 ዲግሪ መሆኑ ነው። ቅቡን ብቻ ሥጋ የነካ ብሩሽ ሳይገባበት በፊት በማንኪያ እቀምስ ነበር፤ እሱ የአሳማ ነገር የለውም። እንደ ሻይዬ እስኪጣፍጠኝ ድረስ ስኳር እጨምራለሁ። ሻይ የምጠጣው ደግሞ በ3 ማንኪያ ነው።

የባሰው የ2016ቱ ፋሲካ ነው። የፈረንጆቹ መጋቢት 22 ቀን ዋለ። እኛ ሁዳዴ ከገባ 3 ሳምንት ሆኖናል፤ የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነው፣ ገና 5 ሳምንት ይቀረዋል። የእማማ ልጆችና የልጅ ልጆች መጡ። እኔ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ ጭን ምድጃ ውስጥ አስገብቼ ቅብ እቀባለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ሽሮ ነው። ቤቱ በቅርንፉድ ሸትቷል። ሽታው ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ። ማታ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «በልተሻል?» አሉኝ። «አልበላሁም አባ፣ አሽትቼ ነው።» ትንሽ ዝም አሉና «በይ ደህና እደሪ፣ እኔም ሥራ አለብኝ» ብለው ዘጉት።

ለእናቴ ግን ለዓመታት አልነገርኳትም። «ምን በላሽ?» ስትለኝ ምስር። «ለሴትዮዋስ ምን ሠራሽላቸው?» ስትለኝ ደግሞ «ሥጋ»። ዝርዝር ውስጥ አልገባም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ ሐዋሳ ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜ «የአሜሪካ ምግብ ሥሪልን እንጂ!» ብሎ ነገር ጀመረ። እኔም ቡና ላይ ወሬ ይዞኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጓንቱን፣ ሃሙን፣ አናናሱን። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። አሳማው ያስቆጣታል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ነው ያስቆጣት።

«ያልቀመስሽውን ምግብ ለሰው ታቀርቢያለሽ? 6 ዓመት?»

«እማዬ፣ አንቺስ ቅዳም ሥዑር ዶሮውን ስትሠሪ ትቀምሻለሽ?»

መልስ አጣች። በፋሲካ ዋዜማ ጾሙ ስላልተፈታ ዶሮው በማሽተት ብቻ ነው የሚሠራው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲቀርብ ደግሞ ጨውም ቅመሙም ልክ ነው። ትንሽ ቆይታ ግን «እኔ ዶሮን 50 ዓመት አውቀዋለሁ» አለች። እሷስ እውነቷን ነው። እሷ የምታሸተውን ነገር ታውቀዋለች። እኔ አላውቀውም።

እንግዲያው ቀምሼ ልየው አልኩ። አሳማው ይቅር፣ በበሬ። አንድ ኪሎ ሙዳ ገዛን። በዲላ መንገድ ተጭኖ የመጣ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ አናናስም ገዛሁ። የቆርቆሮውን አናናስ ስረሳው ደስ አለኝ። አናናሱን ፈጨሁት፣ ሥጋውን ጨው ጨምሬ ውስጡ ዘፈዘፍኩና ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። በጣዕሙ እንዲጠግብ ብዬ ነው።

ጠዋት ስከፍተው ሥጋው ገንፎ ሆኗል። በጣቴ ስነካው ይፈርሳል። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ማነው ያኘከልሽ?» አለች።

ትኩስ አናናስ ውስጥ ብሮሜሌይን የሚባል ነገር አለ፤ ፕሮቲን የሚበላ። ብዙ አናናስ ስትበሉ ምላሳችሁን የሚለበልባችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። እሳት ሲነካው ይሞታል። የቆርቆሮው አናናስ ሲታሸግ ተቀቅሎ ስለሆነ 6 ዓመት ሙሉ ምንም አላደረገኝም ነበር። አንድ ኪሎ ሥጋ ዛሬ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አላወራበትም።

በማግሥቱ በጠዋት ከወንድሜ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ አሳ ሲበልቱ እጃቸው አይታይም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ኮት አስመስለው፣ እንደ ዕድር ሽማግሌ ተራ ይዘው የአንጀት ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ወንድሜ ጥሬ አሳውን በዳጣ እዚያው ቆሞ በላ። እኔ አጥንቱ የወጣለት ቆሮሶ አስመዘንኩ። አምባዛም ነበር፣ በርከስ ያለ፤ ግን እናቴ ጋ አይገባም። ክንፍ እንጂ ቅርፊት የለውማ! ከአሳማ ሸሽቼ በአምባዛ ልያዝ?

አሁን ጠንቀቅ ብያለሁ። ሃም የሚጥመው ጨዋማ ስለሆነ ነው ብዬ አሳውን ጨው ነስንሼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁትና ያወጣውን ውሃ ጠረግኩለት። የአናናሱን ጭማቂ በደንብ አፈላሁት፤ ያ ሥጋ በሊታ እንዲሞት። በስኳር ፈንታ ማር። ሰናፍጩ የእናቴ ነው፣ ለጾም የወቀጠችው። እዚያ ያለው ቢጫ ሰናፍጭ ከዚህ ጋር ሲተያይ ልጅ ነው። ይኼኛው አፍንጫ ሰንጥቆ ግንባር ላይ ይወጣል። ቅርንፉዱን እንደለመድኩት አደረግኩ። የምድጃውን ፍርግርግ ዘይት ቀባሁ። አሳ እንደ ሃም አይታገሥም፤ ከተጣበቀ ግማሹ ከሰሉ ላይ ይቀራል። የአናናሱ ቁራጭ መስመር መስመር እያወጣ ሲጠቁር ያ የቨርጂኒያ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጎረቤታችን በአጥር በኩል «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

ቆረስኩና በላሁ።

ከረሜላ ነው። አሳው የት እንዳለ አይታወቅም። እናቴ አንዴ ጎርሳ ቀስ ብላ አላመጠች።

«አሳውን ሻይ ውስጥ ነው የነከርሽው?»

ሻይ! ልክ ነች። ስኳሩም የሻይ፣ ቅርንፉዱም የሻይ። 6 ዓመት ሙሉ ለእማማ ሃም ላይ ሻይ ስቀባላቸው ኖሬያለሁ።

ሁለተኛውን ዙር እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሠራን። ማሩ በግማሽ ወረደ። ሰናፍጩ እጥፍ ሆነ። ቅርንፉድ አንዲት ፍሬ ብቻ። ሎሚ ጨመቀችበት። እሱ መጣ! መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ ጣፋጩ፣ ከዚያ ሰናፍጩ ከኋላ። ወንድሜ ዳጣም አላስፈለገው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን እናቴ አናናሱን ብቻ ለቅማ በላች፤ «ይሄ እንኳ ደህና ነው» እያለች።

ማታ 2 ሰዓት ላይ ደወልኩ። እዚያ እኩለ ቀን ነው። ተተኪዋ ስልኩን ለእማማ ሰጠቻቸው።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ቅቡ ይጣፍጣል እንዴ?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«ዛሬ ቀመስኩት። በአሳ ነው።»

ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «እኔ እኮ በቢላ እየፋቅኩ ነው የምበላው» አሉኝ። «አንቺ አውቶቡስሽን ልትይዢ ስትወጪ።»

«6 ዓመት? ምነው ታዲያ አይነግሩኝም?»

«በሁለት ጓንት የምትሠራን ልጅ ምን ብዬ ልናገራት?»

ስለ ሰናፍጩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ስትመለሺ ይዘሽው አትመጪም?» አሉ።

እናቴ «ምን አሉ?» አለችኝ። ተረጎምኩላት። መልስ አልሰጠችኝም። ተነስታ ጓዳ ገባች፣ ሰናፍጭ ልትቋጥር።